ሃያሲ ያወደሰውን ፊልም ተመልካች ለምን ጥሎት ይወጣል?

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ጎንደር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት አዳራሽ በፕሮጀክተር ፊልም እናሳያለን። ባለፈው ‹ዞዲያክ› የሚባለውን የግድያ ምርመራ ፊልም መረጥን፤ ሮተን ቶሜቶስ ላይ ወደ 90 በመቶ ስላየን ነው። ቴሌግራም ላይ ‹አይረን ማንና ሀልክ አንድ ላይ! ልብ አንጠልጣይ የነፍሰ ገዳይ አደን!› ብለን ለጠፍን። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ጀመርን። 60 ሰው ገብቶ መጨረሻውን ያየው 20 አይሞላም። የቆዩትም ‹ታዲያ ገዳዩ ማነው?› ብለው ተቆጡን። ንግግሩ በደንብ አይሰማም ነበር፣ ሰብታይትሉም ኋላ ላይ አልገጥም አለን። ሃያስያኑ ተከፍሏቸው ነው የሚያሞግሱት? ወይስ የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ፊልም አይገባውም? ከእንግዲህ አክሽን ብቻ ብናሳይ ይሻላል?»

ሁለቱም አይደለም። ሃያስያኑ ተከፍሏቸው አላሞገሱም፤ አዳራሻችሁ የገባው ሰውም ፊልም የማይገባው አይደለም። የተበላሸው በፊልሙና በተመልካቹ መካከል ያለው ነገር ነው፦ ቁጥሩን አሳስታችሁ አነበባችሁት፣ ማስታወቂያችሁ የሌላ ፊልም ማስታወቂያ ሆነ፣ አዳራሹ ደግሞ ይህ ፊልም የቆመባቸውን ትንንሽ ድምፆችና ቃላት ዋጠባችሁ። ወደ አክሽን መሸሽ ከሦስቱ አንዱንም አያክምም።

በቁጥሩ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ሮተን ቶሜቶስ ላይ የምታዩት በመቶኛ እንደ ትምህርት ቤት ካርድ የሚነበብ ነጥብ አይደለም። ድረ ገጹ የእያንዳንዱን ሃያሲ ጽሑፍ «ወዶታል» ወይም «አልወደደውም» ብሎ ለሁለት ይከፍልና፣ የወደዱት ከመቶ ስንት እንደሆኑ ይነግራችኋል። አሥር ሃያስያን ሁሉም «ደህና ነው፣ ከአሥር ስድስት እሰጠዋለሁ» ቢሉ ቁጥሩ መቶ በመቶ ይወጣል። አምስቱ «የዘመኑ ድንቅ ሥራ»፣ አምስቱ «ጊዜ ማባከን» ቢሉ ደግሞ 50 ይሆናል፤ ያ ሁለተኛው ፊልም ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ሊታይ የሚገባው ሊሆን ይችላል። ሃያስያኑ ምን ያህል እንደወደዱት ማወቅ ከፈለጋችሁ አማካይ ነጥቡን ፈልጉ፤ ወይም ሜታክሪቲክ የሚባለውን ሌላ ድረ ገጽ ተመልከቱ። እሱ የሃያስያኑን ነጥብ ከመቶ ቀይሮ፣ ለአንዳንዶቹ የበለጠ ክብደት ሰጥቶ አማካዩን ያወጣል።

ከጎኑ ያለው የተመልካች ቁጥርም የራሱ ጉድ አለው። ሮተን ቶሜቶስ ላይ ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩልና ከዚያ በላይ የሰጡት ተመልካቾች ድርሻ ነው። ከ2019 ወዲህ (እዚህ የምጠቅሳቸው የፊልም ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለሚወጡ ፊልሞች ትኬት መቁረጣቸው የተረጋገጠ ሰዎችን ለይቶ ያሳያል፤ ለ2007 ፊልም ግን ያ ማጣሪያ አልነበረም። አይኤምዲቢ በሚባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ ዛሬ ለ«ዞዲያክ» ነጥብ የሚሰጠው ሰው ማነው? ፊልሙን ስሙን ሰምቶ፣ ፈልጎ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ሲደክመው አቁሞ፣ በማግስቱ ቀጥሎ ያየ ሰው ነው። የእናንተ ተመልካች እንዲህ አይደለም። ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ለመዝናናት የመጣ ነው። የሁለቱን አስተያየት በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም።

ወደ እናንተ ሁኔታ የሚቀርበው ሲኒማስኮር የሚባለው ድርጅት መለኪያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፊልሙ በወጣበት የመጀመሪያ ምሽት ከሲኒማ ቤት የሚወጡ ሰዎችን ካርድ ያስሞላል፤ ከኤ ፕላስ እስከ ኤፍ ደረጃ ይሰጣል። በመጀመሪያው ምሽት የሚመጣው በማስታወቂያው የተሳበ ሰው ስለሆነ፣ ደረጃው የፊልሙን ጥራት ሳይሆን ማስታወቂያው የገባውን ቃል መጠበቅ አለመጠበቁን ይለካል ማለት ይቻላል። የ2011ዱ «ድራይቭ» ካን ፌስቲቫል ላይ የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው፤ ሲኒማስኮር ላይ ግን ሲ ማይነስ አገኘ። እንዲያውም ሚሺጋን ውስጥ አንዲት ተመልካች «ማስታወቂያው የመኪና ሩጫ ፊልም አስመስሎ አሳየኝ» ብላ ክስ እስከመመሥረት ደርሳለች። በ2010 የወጣው «ዚ አሜሪካን» ፖስተሩ ላይ ጆርጅ ክሉኒን ሽጉጥ አስይዞ ሲያበቃ፣ ፊልሙ አንድ ሰው በጣሊያን ተራራ ሥር መሣሪያ ሲገጣጥምና ዝም ሲል የሚያሳይ ሆነ፤ ዲ ማይነስ ተሰጠው። እነዚህን ካርዶች የሞሉት የአሜሪካ ተመልካቾች ናቸው፤ የጎንደር ሰው ብቻ አይደለም የሚሰላቸው።

«ዞዲያክ»ም ከዚህ አላመለጠም። ወደ 65 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ፊልም ነው፤ በመጋቢት 2007 በፈረንጅ አቆጣጠር ሲወጣ በሰሜን አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባው 33 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ሃያስያኑ ያኔም ወደዱት፤ ሕዝቡ ግን ቀዝቀዝ አለ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ2016 ቢቢሲ 177 ሃያስያንን ጠይቆ የ21ኛውን ክፍለ ዘመን ምርጥ ፊልሞች ዝርዝር ሲያወጣ 12ኛ ሆኖ ተቀመጠ። አዳራሻችሁ ውስጥ የሆነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሜሪካ ውስጥ የሆነው ነው።

ሃያሲና ተመልካች ለምን ይለያያሉ ለሚለው፣ የተንኮል ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም። ሃያሲ በዓመት ብዙ መቶ ፊልም ያያል። አስረኛው ደቂቃ ላይ ሬሳ፣ ሰማንያኛው ላይ የተሳሳተ ተጠርጣሪ፣ መቶኛው ላይ ማሳደድ የሚመጣበትን ሥርዓት በልቡ ስለሚያውቀው፣ ሥርዓቱን የሚያፈርስ ፊልም ሲያገኝ ይነቃል። ጥሩ ድምፅ ባለው ጨለማ ክፍል፣ በሥራ ሰዓቱ፣ ሳይከፍል ያያል። የእናንተ ተመልካች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ፣ ከአዘዞ ወይም ከማራኪ ድረስ መጥቶ፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ባጃጅ ላገኝ ይሆን እያለ ያያል። ትዕግሥት የጠባይ ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታያል እንጂ የወንበርና የመጓጓዣ ጉዳይም ነው።

አሁን ስለ ፊልሙ ዓይነት። ዝግ ብሎ የሚበስል የምርመራ ፊልም የሚባለው እንዲሁ የተጓተተ ፊልም አይደለም። እኛ አገር የምርመራ ታሪክን የምንሰማበት ጆሮ በእንቆቅልሽ የተገራ ነው። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እንላለን፤ ካቃተን «አገር ስጠኝ» እንባላለን፣ አንድ አገር እንሰጣለን፣ ጠያቂው ይሳለቅብናል፣ በመጨረሻ ግን መልሱን ይነግረናል። መልስ መንገር ግዴታው ነው። «ዞዲያክ» ላይ የቆዩት ሃያ ሰዎች የተቆጡት በዚህ ነው፤ አገር ሰጥተው መልሱን አልሰሙም። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፣ መልሱ ግን በዓለምም የለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከታኅሣሥ 1968 እስከ ጥቅምት 1969 በፈረንጅ አቆጣጠር አምስት ሰው የገደለው፣ ለጋዜጦች በምስጢር ጽሑፍ የተቀመረ ደብዳቤ ይልክ የነበረው ሰው እስከ ዛሬ በፍርድ ቤት አልተረጋገጠም። 340 ምልክት ያለው አንዱ ደብዳቤ እንኳ የተፈታው በታኅሣሥ 2020 ነው፤ እሱም ስም አልያዘም። ፊልሙ የሚከተለው ገዳዩን ሳይሆን ፈላጊዎቹን ነው፦ ካርቱን ሠሪው፣ መርማሪው፣ ጋዜጠኛው እያንዳንዳቸው ፍለጋው ምን እንዳደረጋቸው።

ይህን ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት አውጫጭኝን ማንሳት ከየትኛውም የፊልም ቃል ይሻላል። በድሮው አውጫጭኝ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። ሥራ ይፈታል፣ ጎረቤት በጎረቤት ይጠራጠራል፣ የቆየ ቂም ይወጣል። ስለ አውጫጭኝ ፊልም ቢሠራ ዋናው ነገር ሌባው ማን መሆኑ ነው ወይስ ተቀማጮቹ እርስ በርስ ምን እንደሆኑ? «ዞዲያክ» ሁለተኛውን የመረጠ ነው።

የዘገየ ሁሉ ግን ዝግ ብሎ የሚበስል አይደለም፤ አንዳንዱ በእውነት አሰልቺ ነው፣ ሃያሲም ቢያሞግሰው። መለያው ቀላል ነው። ፊልሙን አስቀድማችሁ ስታዩ ከመሃል ማንኛውንም አሥር ደቂቃ ውሰዱና «ከዚህ በፊት ያላወቅሁት ምን አወቅሁ? የማን ሁኔታ ተለወጠ?» በሉ። በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ሞክራችሁ መልስ ካጣችሁ አታሳዩት።

«ዞዲያክ» ይህን ፈተና በደንብ ያልፋል፤ አንዱን ትዕይንት ቀረብ ብለን እንየው። ካርቱን ሠሪው በዝናብ ማታ ወደ አንድ ቤት ይሄዳል። የተጠርጣሪ ጽሕፈት ያለበት የሲኒማ ፖስተር አለው፤ የቤቱ ባለቤት ደግሞ ያንን ተጠርጣሪ የሚያውቅ የሲኒማ ቤት ሰው ነው። ጽሕፈቱ የተጠርጣሪው ነው ብሎ ሲነግረው ሰውዬው ረጋ ብሎ «ፖስተሮቹን የምጽፋቸው እኔ ነኝ፤ ያ የእኔ ጽሕፈት ነው» ይለዋል። ከዚያም ከመሬት በታች ወዳለው ምድር ቤት እንውረድ ይላል። ገዳዩ ምድር ቤት እንደነበረው የተወራ ነው፤ በካሊፎርኒያ ደግሞ ምድር ቤት ያለው ቤት ጥቂት ነው። ወርደው ሳለ ከላይ ወለሉ ሲጢጥ ይላል። ማንም ማንንም አይነካም፣ ሽጉጥ የለም፣ ሩጫ የለም። ሆኖም ብዙ ተመልካች ከፊልሙ ሁሉ ይህን በጣም ፈራሁት ይላል።

ይህ ትዕይንት በሁለት ነገር ላይ የቆመ ነው፦ በአንድ ዓረፍተ ነገርና በአንድ የእንጨት ድምፅ። አዳራሻችሁ ውስጥ ዓረፍተ ነገሩ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ዘግይቶ ከተነበበ፣ የወለሉ ሲጢጥታም ከጄኔሬተር ጩኸት ሥር ከጠፋ፣ ተመልካቹ ያየው ሁለት ሰዎች ደረጃ ወርደው ሲወጡ ነው። ቢደብረው አይፈረድበትም። አክሽን ፊልም ግማሽ ድምፁ ቢጠፋም መኪናው ሲጋጭ ይታያል፤ ዝግ ብሎ የሚበስለው ግን የቴክኒክ ጉድለትን አይሸከምም። ስለዚህ ብዙውን ድካማችሁን እዚህ ላይ አውሉት።

ንግግሩ አይሰማም ነበር ስላላችሁ መጀመሪያ ገመዱን ፈትሹ። ከላፕቶፕ ወደ ስፒከር የሚሄደው ትንሹ ክብ ጃክ እስከ መጨረሻው ካልገባ ወይም የመሬት ሽቦው ካልነካ፣ የግራና የቀኝ ድምፅ ልዩነት ብቻ ያልፋል። ሙዚቃውና የዝናቡ ድምፅ ይሰማል፣ መሃል ላይ የተቀመጠው የሰው ንግግር ግን ይጠፋል። ብዙ ሰው ይህን የፊልሙ ችግር ያደርገዋል። ጃኩ ደህና ከሆነ፣ የፋይሉ ድምፅ ባለ ስድስት ቻናል ሊሆን ይችላል፤ በእንዲህ ያለው ፋይል ንግግሩ በአብዛኛው በመካከለኛው ቻናል ላይ ነው፣ በሁለት ስፒከር ሲወጣም ይደክማል። ከተቻለ ባለ ሁለት ቻናል ፋይል ተጠቀሙ፤ ካልተቻለ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ በኦዲዮ ኢፌክትስ ውስጥ ያለውን ኮምፕረሰር ክፈቱ። ጩኸቱን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርጋል። ስፒከሩን ከሸራው ሥር ወይም ከጎኑ አስቀምጡት፤ ከተመልካቹ ኋላ ከሆነ ሰው ሳያውቀው ይደክመዋል። ጄኔሬተር ካለ ከሕንፃው ጀርባ፣ ከግድግዳ ማዶ ይሁን።

ሰብታይትሉ ኋላ ላይ አልገጥም ካለ ሁለት ምክንያት አለ፤ ለየብቻ መድኃኒት ስላላቸው ለዩአቸው። አንደኛው የፍጥነት ልዩነት ነው። ፊልሙ በሰከንድ 23.976 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የሚሄድ ሆኖ ሰብታይትሉ ለ25 ፍሬም ቅጂ የተሠራ ከሆነ፣ ሲጀመር ይገጥማል፣ ቀስ በቀስ ይለያያል። በአንድ ሰዓት ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል፣ በ157 ደቂቃ ፊልም መጨረሻ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይሆናል። ቪኤልሲ ላይ የጂ እና የኤች ቁልፎችን መጫን ሁሉንም እኩል ስለሚገፋ ለዚህ አይረዳም፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይስታል። በትራክ ሲንክሮናይዜሽን ውስጥ ያለውን የሰብታይትል ፍጥነት ማስተካከል፣ ወይም ፋይሉን በሰብታይትል ኤዲት ፕሮግራም የፍሬም ቁጥሩን መቀየር ነው። ሁለተኛው ምክንያት የቅጂ ልዩነት ነው። «ዞዲያክ» በሲኒማ የወጣው 157 ደቂቃ ነው፤ በኋላ የወጣው የዳይሬክተሩ ቅጂ ደግሞ 162። የአንዱ ሰብታይትል በሌላው ላይ ሲጫን እስከ አንድ ቦታ ገጥሞ ድንገት ይዘላል። ልዩነቱ ቀስ ብሎ የሚሰፋ ከሆነ ፍጥነት፣ የሚዘል ከሆነ ቅጂ ነው ብላችሁ ያዙ። ከማሳየታችሁ በፊት መጀመሪያውን፣ አንድ ሰዓት ላይ ያለውንና የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች መፈተሽ ይበቃል። አማርኛ ሰብታይትል ከሠራችሁ ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ኮድ ይቀመጥ፤ አለዚያ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል።

በዚያው ቅጂ ነገር ላይ፦ በረጅሙ «ዞዲያክ» ውስጥ ስክሪኑ ጠቁሮ የዘመኑ ድምፆች ብቻ እየተሰሙ ዓመታት የሚያልፉበት ቦታ አለ። ጎንደር ውስጥ ስክሪን ጥቁር ከሆነ ሰው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «መብራት ጠፋ»። ስልኩን አውጥቶ ያበራል፣ ግማሹም ይነሳል። አጭሩን ቅጂ አሳዩ። እሱ በዚያ ቦታ ላይ «ከአራት ዓመት በኋላ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው።

ሥዕሉን በተመለከተ፣ ፊልሙ አብዛኛው ማታና ደብዛዛ ቢሮ ውስጥ ነው። ሦስት ሺህ ሉመን (የብርሃን መለኪያ) ያለው ፕሮጀክተር ለሦስት ሜትር ሸራ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ብርሃን መጨመር ጨለማውን አይጠግንም። ሸራው ላይ ጥቁር የሚባለው ክፍሉ ውስጥ ያለው ብርሃን ነውና፣ ከበር ሥር የሚገባ የኮሪደር መብራት ብቻ ምድር ቤቱን ግራጫ ያደርገዋል። መስኮትና በር በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ። የፕሮጀክተሩን «ዳይናሚክ» ትታችሁ «ሲኒማ» የሚለውን ምረጡ። ሌላው የሚረሳው ቁመት ነው፤ ሰፊ ፍሬም ያለው ፊልም በሦስት ሜትር ሸራ ላይ ቁመቱ 1.25 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ሰብታይትሉም ከሥሩ ይወርዳል። የሸራው ታች ከወለሉ ቢያንስ 1.30 ሜትር ካልራቀ ከሦስተኛ ረድፍ በኋላ ያለው ሰው የሚያነበው የፊተኛውን ሰው ራስ ነው። ከፍ ማድረግ ካልተቻለ ቪኤልሲ ላይ የሰብታይትሉን ቦታ ወደ ላይ አንሱት።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ፕሮጀክተሩ ግን ይጠፋል። አንድ ሰው ቶሎ የሚያቆመው ላፕቶፑ አጠገብ ይቀመጥ። ሲመለስ ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ መልሳችሁ ጀምሩ። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ድንገት ጠፍቶ ወዲያው ከተለኮሰ አምፖሉ ይጎዳል፤ ጥቂት ደቂቃ ይቀዝቅዝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ችግሩ ቋንቋ ነው» ብላችሁ እንደ ትርጉም ፊልም ከላይ የሚተርክ ሰው እንዳታስገቡ። ያ ዘዴ ለሕንድና ለአክሽን ፊልም ይሠራል። እዚህ ግን ዝምታው የፊልሙ አካል ነው፤ ተራኪ ዝምታ ሲያይ መሙላት ይወዳል።

ማስታወቂያውን በተመለከተ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ አይረን ማንንና ሀልክን የሚጫወቱት ሮበርት ዳውኒ ጁኒየርና ማርክ ራፋሎ በዚህ ፊልም ውስጥ ጋዜጠኛና መርማሪ ናቸው፣ ማንም አይበርርም፣ ማንም አረንጓዴ አይሆንም። «አይረን ማንና ሀልክ» ብላችሁ የጠራችሁት ሰው መውጣቱ መብቱ ነው። በሚቀጥለው፣ ከታች ለምመክራችሁ «ሜሞሪስ ኦፍ መርደር» ለተባለው ፊልም፣ እንዲህ ጻፉ፦ «እውነተኛ፣ ሳይፈታ የቆየ የግድያ ምርመራ። ሁለት ሰዓት ከ11 ደቂቃ። አክሽን ፊልም አይደለም። ከ18 ዓመት በላይ።» አርባ ሰው ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ አርባውም ምን እንደሚያይ አውቆ ይመጣል። መጨረሻውን ማበላሸት አይሆንም ወይ ለምትሉ፣ መልሱ ከኮሪያ ነው። ቦንግ ጁን ሆ በ2003 የሠራው «ሜሞሪስ ኦፍ መርደር» ከ1986 እስከ 1991 ህዋሶንግ በሚባል ገጠር አሥር ሴቶች የተገደሉበትን ጉዳይ ይዞ ነው የተነሳው። ፊልሙ ሲወጣ ገዳዩ አልታወቀም ነበር፣ ይህንንም ኮሪያ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሆኖም ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ትኬት ቆርጦ ገባ። ዝግ ያለ የምርመራ ፊልም ነው፣ መልስ አይሰጥም፣ ሃያሲውም ሕዝቡም ወደደው። ተመልካቹ የገባው «ማነው?» ብሎ ሳይሆን «እንዴት ሳይያዝ ቀረ?» ብሎ ነው። ገዳዩ የታወቀው በ2019 በዘረመል ምርመራ ነው፤ በሌላ ግድያ ተፈርዶበት ቀድሞም እስር ቤት ነበር። ይህን ከማሳየታችሁ በፊት አትናገሩ፣ ካለቀ በኋላ ንገሩ፤ ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የሚሆነውን ታያላችሁ።

እንግዲህ ምክሬ ግልጽ ነው። «ዞዲያክ»ን ለጊዜው አትመልሱት፤ አክሽን ብቻ ወደሚለውም አትሂዱ። ቀጣዩ «ሜሞሪስ ኦፍ መርደር» ይሁን። በ26 ደቂቃ ያጥራል፣ ሳቅ አለው፣ ታሪኩ የሚሄደው በአንድ መስመር ነው፣ የገጠር ፖሊሶቹም ተጠርጣሪ በጥፊ እየመቱ ማመን የሚፈልጉትን የሚያናዝዙ ሰዎች ስለሆኑ ለማንም ግልጽ ናቸው። ፎገራን ለሚያውቅ ሰው የሩዝ ማሳውም እንግዳ አይሆንም። በሴቶች ላይ የደረሰ ጥቃት ስላለበት ግን ልጆች አይግቡ፤ በር ላይ የሚነግር ሰው አቁሙ። 11 ሰዓት ላይ ጀምሩ፣ መሃል ላይ አሥር ደቂቃ ለሻይ ብታቆሙም 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ያልቃል፤ ወደ አዘዞ የሚሄደውም መኪና ያገኛል። እረፍቱ የሰዓቱን ግማሽ ጠብቆ ሳይሆን አንድ ተጠርጣሪ ተለቅቆ ሌላው ከመምጣቱ በፊት ይሁን። ከመጀመራችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ብቻ ተናገሩ፦ ዘመኑ የወታደራዊ አገዛዝ ዘመን እንደሆነ፣ የኮሪያ ስሞች ስለሚመሳሰሉ የሁለቱን መርማሪዎች ፊት በፎቶ አሳዩ፣ አንዱ የገጠር አንዱ ከሶል የመጣ መሆኑን ንገሩ። ከዚያ በላይ ካብራራችሁ ትምህርት ቤት ይሆናል።

ከመቶ ሃምሳ ደቂቃ በላይ የሆነውንና መልስ የሌለውን ፊልም ከሦስትና ከአራት እንዲህ ያለ ፊልም በኋላ አምጡት። ያኔ «ዞዲያክ» ራሱ ሌላ ፊልም ይሆናል። ከዚያ በፊት የ2011ዱን የቱርክ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን አናቶሊያ» ቢመክሯችሁም እንቢ በሉ። ካን ላይ ሁለተኛውን ትልቅ ሽልማት የተካፈለ ድንቅ ፊልም ነው፤ ግን ፖሊሶች ሬሳ ፍለጋ ሌሊቱን ሙሉ በመኪና ሲዞሩ ስለ እርጎ የሚያወሩበት 157 ደቂቃ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀመስ አይደለም።

መግቢያ የምታስከፍሉ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ፊልም ለሕዝብ ማሳየት ከመብቱ ባለቤት ፈቃድ የሚጠይቅ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን ይመለከታል። ፋይል ከቴሌግራም አውርዶ ትኬት መሸጥ ለምርጫችሁ ቢያመችም ለአዳራሹ ባለቤት አያመችም።

በመጨረሻ ስለ ተመልካቹ ስሜት፦ «40 ሰው ወጣ» ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። መቼ ወጣ? አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ የሚወጣውን በደቂቃ ይመዝግብ። ሰዎች በአንድ ጊዜ በቡድን ከወጡ ምክንያቱ ከፊልሙ ውጭ ነው፤ ሰዓቱ፣ መብራቱ፣ መጓጓዣው። አንድ በአንድ ተራርቀው ከወጡ ፊልሙ ደክሟቸዋል። ሰብታይትሉ ከሳተ በኋላ ከበዙ የእናንተ ጥፋት ነው። ስትጠይቁም «ወደዳችሁት?» አትበሉ፤ ፊት ለፊት ሲጠየቅ ሰው ያዝንላችሁና «ጥሩ ነው» ይላል። ትንሽ ወረቀት ሲገቡ ስጡ፤ «ምን ዓይነት ፊልም ትጠብቃለህ?» የሚለውን ከመጀመሩ በፊት፣ «የት ላይ ጠፋብህ?» የሚለውን ሲወጡ ይሙሉ። ለአሥር ሰው ደግሞ ከሳምንት በኋላ ደውሉና የትኛው ትዕይንት ትዝ እንደሚላቸው ጠይቁ። እንዲህ ያለ ፊልም በወጡበት ሰዓት ያላቸው ስሜት ከሳምንት በኋላ ካላቸው ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል። ስድሳ ሰው ጎንደርን እንደማይወክልም አስቡ። ሁሉን አስተካክላችሁም «አልወደድሁትም» የሚል ይኖራል፤ እሱን ለማሳመን አትድከሙ፣ ወረቀቱን ብቻ ተቀበሉ።